አጫዋች የሌለበት ቀን

የጥገናው ማስታወቂያ የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነው። ከማስታወቂያው ጋር በየመስኮቱ አንዳንድ የእንቅልፍ ኪኒን አብሮ መጣ። "ውድ ደንበኛችን፣ ረቡዕ ከጠዋት እስከ አመሻሽ አጫዋች አገልግሎት አይሰጥም። ቀኑ እንዳይከብድዎ ኪኒኑን ከቁርስ በኋላ ውጠው ይተኙ። ሲነቁ አጠገብዎ እንገኛለን።" ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን አንብቦ የተገረመ ሰው አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነበረው ጥገና ከተማው እንዳለ ተኝቶ ነው የዋለው። ታክሲዎቹ እንኳ የሚሳፈር አጥተው ባዶአቸውን ሲዞሩ ውለዋል።

ጦይባ እንድሪስ ግን ማስታወቂያውን ስታነብ ልቧ ዘለለ። ይህን ቀን ስትጠብቅ ነበር።

በዚያ ዘመን ከሥራ በኋላ የማይጫወት ሰው የለም። አንዱ ኳስ ይጫወታል፣ አንዱ ይዋጋል፣ አንዱ ከብት ይነግዳል። ተጋጣሚውን የሚያመጣለት አጫዋች የሚባለው ማሽን ነው። ተጋጣሚው ሰው ይሁን አይሁን የሚጠይቅ አልነበረም። ክልክል ሆኖ አይደለም፤ ጥያቄው ትዝ ስለማይል ነው። አጫዋች የእያንዳንዱን የልብ ትርታ ያያል። የከፋው ሰው ሲገባ ድል ያዘጋጅለታል፤ የጠገበ ሲገባ ትንሽ ያደናቅፈዋል። ማንም ከሚችለው በላይ አይሸነፍም፣ ማንም ከመጠን በላይ አይፈነድቅም። የጤና ቢሮ ሰዎች በስብሰባ ሁሉ የሚያነሱት ይህንኑ ነው፤ በጨዋታ የተነሳ የተጣላ ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ጦይባ አርባን ያለፈች፣ ቤቷ ተቀምጣ የከተማውን የውሃ ግፊት የምትከታተል ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ በየቀኑ ትጫወታለች። አንድ ነገር ግን እንደ እሾህ ተሰክቶባት ነበር የኖረው፤ ጎበዝ ትሁን ሰነፍ አታውቅም። አንድ ቀን አላስችል ብሏት አጫዋችን ራሱን ጠየቀችው።

"ጎበዝ ነኝ?"

"ለእርስዎ በሚስማማዎት ልክ ጎበዝ ነዎት" አላት በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

"ከማን ጋር ሲወዳደር?"

"ከትናንትናዋ ጦይባ ጋር።"

በንዴት እራቷን ሳትበላ ተኛች። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከእውነተኛ ሰው ጋር አንድ ዙር ገጥማ፣ ማንም ሳይመጥንላት ልኳን ማወቅ።

መላው የተገኘው ከማይጠበቅ ቦታ ነው። በሕንፃው ኮሚቴ ውስጥ ማንም ያልፈለገው ሥራ የእሷ ነበር፤ የበር ደወሉን መጠበቅ። ዕቃ በመስኮት እየበረረ ስለሚገባ፣ እንግዳም ስለማይመጣ፣ ደወሉ የሚጮኸው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የሚያስደውለውም ቅሬው ነው፤ ሟች የሚቀብረውና ቤተሰቡን የሚያስተዛዝነው የነዋሪዎቹ ማኅበር። ከጥንቱ ጉርብትና የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። ለመጫወት አጫዋች አለ፤ ለመቅበር ግን አሁንም ሰው ያስፈልጋል።

የደወሉ ገመድ ከእያንዳንዱ በር ተነስቶ ከእያንዳንዱ በር ጋር ይገናኛል። ከአጫዋች ጋር አይገናኝም፤ ከውጭው ዓለም ጋርም አይገናኝም። ከቤት ወደ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ጦይባ ይህን የተረዳች ዕለት ብቻዋን ሳቀች። ከሟች አጎቷ የወረሰችው አሮጌ ኮምፒውተር ነበራት፤ በውስጡም "ድልድይ" የሚባል የድሮ ጨዋታ። የድሮ ጨዋታዎች ደግሞ አንድ መልካም ጠባይ ነበራቸው። አንዱ ኮምፒውተር ሰርቨር ይሆናል፣ ማለት ጨዋታውን ይዞ በሩን ይከፍታል፤ ሌሎቹ እንደ እንግዳ ገብተው አንድ ላይ ይጫወታሉ። የሚያስፈልገው ገመድ ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኪኒኑን እቃ ማጠቢያው ውስጥ ጣለችና ውሃ ለቀቀችበት። ኮምፒውተሩን አስነሳች፣ ከደወሉ መስመር ጋር አያያዘችው፣ ሰርቨሩን ከፈተች። "ተጫዋች በመጠበቅ ላይ" የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ። አሁን የቀረው ጎረቤቶቹን መጥራት ነው። በየበሩ ባለው ትንሽ መስታወት ላይ እንዲወጣ "ጨዋታ አለ፣ ኑ!" ብላ ጻፈች። መልእክቱ የሚታየው ደወሉ ከጮኸ በኋላ በመሆኑም፣ አንድ አፍታ እንኳ ሳታስብ የሕንፃውን ደወል በሙሉ በአንድ ጊዜ ደወለችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። ያልገመተችው እሷ ብቻ ናት።

መጀመሪያ ከታች አንዲት ሴት "ወየው!" ስትል ተሰማ። በሮች ተበረገዱ። ጦይባ ወደ ደረጃው ብቅ ብትል ሕንፃው ተነቃቅሎ ወጥቷል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው፣ ኪኒን የዋጡት በግድግዳ እየተደገፉ። መኳንንት የሚባለው ግዙፍ ጎረምሳ የቅሬውን ድንኳን ተሸክሞ ደረጃውን አጋምሶታል። የቅሬው ሊቀመንበር ሀጂ ሙሄ ጥምጥማቸውን እያስተካከሉ ወደ ላይ ይመጣሉ።

"ማን ነው? ማንን አጣን?" አሉ ሀጂ።

ሰዉ እርስ በርሱ እየተያየ ይቆጥር ጀመር። አንተ አለህ፣ አንቺ አለሽ፣ እሳቸውም አሉ። የጎደለ የለም።

ጦይባ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። "ማንም አልሞተም" አለች። "ጨዋታ ነው። መስታወቱን እዩት... ለጨዋታ ነው የጠራኋችሁ።"



"አንቺ ልጅ" አሉ ሀጂ ሙሄ። "በደወል ይቀለዳል? ሚስቴ እኮ ማልቀስ ጀምራለች!"

"ሀጂ፣ ይማሩኝ። ሳላስበው ነው። አጫዋች ዛሬ የለም፤ ከምንተኛ ብዬ..."

"ከማን ጋር ነው ጨዋታው?" የሚል ድምፅ ከጎኗ መጣ። ወይዘሮ ስንዱ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። የጦይባ ቤትና የእሳቸው ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እስከዚያ ቀን ግን የሚተዋወቁት ቧንቧ ሲከፈት በሚሰማው ድምፅ ነው ማለት ይቻላል።

"እርስ በርሳችን ነዋ" አለች ጦይባ።

"እርስ በርስ?" አለ መኳንንት፣ ድንኳኑን ሳያወርድ። "ያማል እንዴ?"

አንዱ ፈገግ አለ፣ ሌላው ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ አልሆነለትም። ወይዘሮ ስንዱ ነጠላቸውን ከተዘቀዘቀበት መልሰው አስተካከሉት። "ከለበስን ከወጣን አይቀር" አሉ። "ይቺ ልጅ ያሰበችውን እንየውና ከዚያ እንቆጣታለን።"

ቀጥሎ ያለው ሰዓት ሩጫ ነው። ጦይባ የሰርቨሩን አድራሻ በትልቁ ጽፋ ደረጃው ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። አንዱ የአድራሻውን ነጥብ ረስቶ "አላስገባ አለኝ" ብሎ ይጮሃል። ሌላዋ የራሷን መሣሪያ ከደወሉ ጋር ማያያዝ አቅቷት ትጣራለች። ሁለት ሰዎች በአንድ ስም ገብተው ማን ማን እንደሆነ ጠፋቸው። ስምንት ሰው ሲሞላ ደግሞ ሰርቨሩ በሩን ዘጋው፤ "ሞልቷል" ይላል። ጦይባ ደረጃውን እየዘለለች ቤቷ ገብታ መጠኑን ከፍ አደረገችውና "አሁን ግቡ!" ብላ በደረጃው ቁልቁል ጮኸች። ተራ በተራ ስማቸው በኮምፒውተሩ ላይ ብቅ ብቅ ሲል እያንዳንዱን ጮክ ብላ ታነብበው ነበር። ሰው ነው፣ ይሄም ሰው ነው፣ ይቺም ሰው ናት! በመጨረሻ እሷም በየቀኑ በምትጫወትበት መሣሪያ ገባች፤ የአጫዋች ሰማያዊ ገመድ እንደ ሌሎቹ መሣሪያዎች ሁሉ አሁንም ተሰክቶበታል።

ጨዋታው ቀላል ነው። ወንዝ አለ፣ ጠባብ የእንጨት ድልድይ አለ፣ ሁሉም ረጅም ዱላ ይዟል። ገፍቶ የጣለ ይቀጥላል፤ ወንዝ የገባ ለዚያ ዙር ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ድልድዩ ላይ የቀረ አሸነፈ። በደወሉ መስመር ሁሉም የሁሉንም ድምፅ ይሰማል።

"ኧረ ይሄ ነገር!" አለ መኳንንት ገና እንደገባ። "እጄን ሳንቀሳቅስ ወዲያው ነው የሚንቀሳቀሰው!" እውነቱን ነው። አጫዋች ጋር ሁልጊዜ አንድ የዓይን ጥቅሻ ያህል መዘግየት አለ፤ ሰዉ ለምዶት ዓለም እንደዚያ የተፈጠረች ይመስለዋል። እዚህ ግን ከእጅ እስከ ዱላው መካከል ምንም የለም። ጦይባ ዱላዋን በባዶ አየር ላይ ወዘወዘችው።

ዙሩ ተጀመረ። ሀጂ ሙሄ የድልድዩ አፍ ላይ ደረሱ። ከኋላቸው መኳንንት ዱላውን አንስቶ ነበር፤ የሳቸውን ስም ሲያይ ቀስ ብሎ አወረደው።

"ይለፉ ሀጂ።"

"ኧረ ወላሂ አይሆንም፣ እናንተ እለፉ።"

"እንዴት ተደርጎ! እርስዎ ቆመው?"

"እሺ ወይዘሮ ስንዱ ይቅደሙ።"

"ምን በወጣኝ፣ ሀጂ እያሉ?"

ሕንፃው በሙሉ ድልድዩ አፍ ላይ ተሰብስቦ እጅ እየነሳ ቆመ። አንዱም አይገፋም፣ አንዱም አይሻገርም። በመጨረሻ ሀጂ በልመና ብዛት ተሻግረው ወዲያ ማዶ ብቻቸውን ቆሙና "አሸነፍኩ እንዴ?" አሉ። ሁሉም አጨበጨበ።

ሁለተኛው ዙር የባሰ ሆነ። አንድ ሰው "የዛሬዋ ባለቤት ጦይባ ናት፣ ክብሩ ለሷ ይገባል" አለ። ሁሉም ተስማማ። ከዚያም አንድ በአንድ፣ በትሕትና፣ ዱላቸውን ይዘው ራሳቸው ወንዝ ውስጥ ዘለሉ። ጦይባ ድልድዩ ላይ ብቻዋን ቀረች።

ጭብጨባው በደወሉ መስመር ሲመጣ ከፋት። ይህን ያህል ደክማ፣ ይህን ያህል ተዋርዳ ያገኘችው ያንኑ ነው። አጫዋች በስሌት የሚያደርግላትን ሰዎቹ በይሉኝታ አደረጉላት። አመሻሽ ላይ አጫዋች ይመለሳል፤ ሌላ ጥገና መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።

"ስሙኝ" አለች። ድምጿ ተሰበረ፤ አልደበቀችውም። "ዕድሜዬን በሙሉ ስሸለም ነው የኖርኩት። ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ነው ማሸነፍ የጀመርኩት። አንድም ቀን ግን እውነት መሆኑን አላወቅኩም። እባካችሁ ዛሬ እንኳ አትዘኑልኝ። የምትችሉ ከሆነ ጣሉኝ። ካልቻላችሁም እኔ እጥላችኋለሁ፣ ሀጂንም ጭምር!"

ሦስተኛው ዙር ተከፈተ። ሁሉም እንደገና ድልድዩ አፍ ላይ ተኮለኮለ።

"ሀጂ" አሉ ወይዘሮ ስንዱ። "እዚያ ዳሩ ላይ የቆሙት እርስዎ ነዎት?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ እህቴ።"

"እንግዲህ ይቅር ይበሉኝ።"

ዱላው ተወነጨፈ። ሀጂ ሙሄ፣ የቅሬው ሊቀመንበር፣ በጭንቅላታቸው ወንዝ ገቡ።

ከዚያ ከታችኛው ፎቅ፣ በመስመሩ ሳይሆን በተከፈተው በር፣ ከት ያለ የሽማግሌ ሳቅ ወደ ላይ ወጣ። "ጣለችኝ! አያችሁ? ልጆቼን ሁሉ ያዋለደች ሴት ዛሬ እኔን ወንዝ ከተተችኝ!"

በቃ፣ ተለቀቀ። መኳንንት እንደ በሬ እየተንደረደረ ሁለት ሰው ጠራረገና በራሱ ፍጥነት ከወዲያኛው ዳር ወደቀ። ባልና ሚስት ተገፋፉ። ዝምተኛዋ የአምስተኛ ፎቅ ልብስ ሰፊ ሦስት ሰው በተከታታይ ጥላ "ማነህ ቀጣዩ!" ስትል ባሏ ድምጿን አላወቀውም። ከአንድ ዙር ወደ ሌላው ሲዘል ምሳ የሚባል ነገር ትዝ ያለው የለም። ሕንፃው ይጮሃል፤ "ከኋላሽ! ከኋላሽ!"፣ "ኧረ ያዙልኝ!"፣ "በስላሴ፣ ይሄ ሰው እኔን ብቻ ነው እንዴ የሚያየው!" አንዱ ዙር ላይ አሮጌው ኮምፒውተር ግሎ ማጓራት ሲጀምር ጦይባ የጎኑን ክዳን ነቅላ የአየር ማራገቢያዋን ፊት ለፊቱ ደገነችበት። አይቆምባትም፤ ዛሬ የፈለገው ይምጣ እንጂ አይቆምም!

ጦይባ አሸነፈች፣ ተሸነፈችም። ተራ በተራ ግን የሁሉንም አካሄድ ለየችው። መኳንንት ከመምታቱ በፊት ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ሀጂ ተሸንፈው ሲነሱ ቂም ይይዛሉ። እንዲህ ዓይነት ነገር አጫዋች ጋር አይታ አታውቅም፤ የእሱ ተጋጣሚዎች ቂም የላቸውም። ወይዘሮ ስንዱን ግን ማንበብ አቃታት። ይጠብቃሉ፣ አይቸኩሉም፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ ተቀምጠው በኖሩበት ትዕግሥት ይጠብቃሉ። ጊዜው ሲደርስ እጃቸው አይስትም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጨረሻ ነው የተባለው ዙር መጣ። ቀኑን ሙሉ ተበላልጠዋል፣ አሁን የሚለይበት ነው ተባለ። ሰዉ እንደ ቅጠል ረገፈ። መኳንንት ወደቀ። ልብስ ሰፊዋ ወደቀች። ሀጂ ሙሄ እልህ ይዟቸው እስከ መጨረሻው ተጉዘው በጦይባ ዱላ ተመትተው ወደቁና "ሦስተኛ ነኝ! ሦስተኛነቴን ማንም እንዳይነካብኝ!" ብለው ከወንዙ ጮኹ። ድልድዩ ላይ ጦይባና ወይዘሮ ስንዱ ብቻ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ በመጫወቻ መሣሪያዋ መስታወት ጥግ ላይ የአጫዋች ሰማያዊ ብርሃን በራ።

"ጥገናው ቀድሞ ተጠናቋል" አለ ያ ለስላሳ ድምፅ። "ጦይባ፣ ልብዎ በጣም እየመታ ነው። ተጋጣሚዎ ከእርስዎ ይሻላሉ። እጅዎን ላግዝ?"

ከሥሩ ሁለት ቃል ተጻፈ፤ "እሺ" እና "አይ"።

ተጋጣሚዎ ከእርስዎ ይሻላሉ። በሕይወቷ እንዲህ ብሎ የነገራት የለም። አንዴ "እሺ" ብትል ያሸንፍላታል፤ ማንም አያውቅም። ወይዘሮ ስንዱም መስታወት ላይ ይኸው ጥያቄ አሁን ቀርቦ ይሆናል። እሳቸው ምን እንደሚሉ በምን ታውቃለች? ወይዘሮ ስንዱ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረቡ።

ጦይባ "አይ" የሚለውን በቡጢ መታችውና ዱላዋን አንስታ ገባች።

የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ወደ ግራ አሳስታ ወደ ቀኝ መታች፤ ወይዘሮ ስንዱ ዝቅ አሉ። እግራቸውን ፈለገች፤ እግራቸው እዚያ አልነበረም። አንዴ አገኘቻቸው፣ አንድ ጉልበታቸው ከድልድዩ ተንሸራተተ፣ ሕንፃው "ኧረ!" ብሎ ጮኸ። እሳቸው ግን ተንጠልጥለው ተመለሱ። ከዚያ ጠበቁ። ጦይባ መጠበቅ አልቻለችም፤ አንድ እርምጃ አስቀደመች። አንዲት እርምጃ ብቻ። ሰማይና ውሃ ቦታ ተለዋወጡ፣ መስታወቷ ላይም የውሃ ፍንጣሪ ሞላ።

ከግድግዳው ወዲያ ረጅም እልልታ ተነሳ።

ጦይባ ወንበሩን ገልብጣ ሮጠች። የጎረቤቷን በር በሁለት እጇ ደበደበችው። ወይዘሮ ስንዱ ከፈቱ፤ ፊታቸው በላብ ወርዝቷል፣ በአንድ እጃቸው ከግድግዳ የተነቀለ የአጫዋችን ሰማያዊ ገመድ እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥለዋል።

"ሊያግዘኝ አማረው" አሉ ገመዱን እያሳዩአት። "ገና አፉን ሲከፍት ነቅዬ ጣልኩት። አዘንሽ እንዴ? ምነው ታለቅሻለሽ?"

"በደንብ ነው የጣሉኝ?" አለች ጦይባ። "አልራሩልኝም?"

"ምን እራራልሻለሁ፣ ልትጥይኝ አልነበር እንዴ!" እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። "ከሀጂም በለጥሽ፣ ከዚያ በሬም በለጥሽ። ከዚህ ሕንፃ ሁሉ የሚበልጥሽ አንድ ሰው ነው። ሁለተኛ ነሽ።"

ጦይባ "ሁለተኛ" የምትለዋን ቃል ደጋግማ በልቧ አለቻት። ደረጃው በሰው ተሞልቷል፤ መኳንንት "መቼ ነው የሚደገመው?" ይላል፣ ሀጂ ሙሄ ስለ ሦስተኛነታቸው ለሰማም ላልሰማም ሰው ሁሉ ያስረዳሉ። በተከፈተው በሯ ውስጥ፣ ከወደቀው ወንበር ወዲያ፣ አጫዋች በሚያባብል ድምፁ ተናገረ።

"እንኳን ደስ አለዎት ጦይባ። አሸንፈዋል።"

"ውሸታም!" ብላ ጮኸችበት፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ እየሳቀች። "ሁለተኛ ነው የወጣሁት!"